ሴንትራል ወይስ አትላንቲክ? የሆኪ ምድቦችን ጥንካሬ እንዴት እንለካለን

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። ዊኒፔግ ነው የምኖረው፤ የጄትስ ደጋፊ ነኝ። ሥራ ቦታ አንድ የኤድመንተን ደጋፊ አለ። እኔ ከኤንኤችኤል አራት ምድቦች ጠንካራው የእኛ ሴንትራል ነው እላለሁ። እሱ ደግሞ ‹እናንተን ያሰናበተውን ዳላስን 4 ለ 1 የሸኘነው እኛ ከፓሲፊክ አይደለን?› ይለኛል። የ2024-25ን የደረጃ ሰንጠረዥ አውጥቼ የየምድቡን ነጥብ ደመርኩ። አትላንቲክ 737፣ ሴንትራል 735፣ ሜትሮፖሊታን 713፣ ፓሲፊክ 710 መጣልኝ። አትላንቲክ በለጠን ማለት ነው? ወይስ እንዲህ መደመሩ ራሱ ልክ አይደለም?»

መልስ፦ ቁጥሮችህ ልክ ናቸው፤ እኔም ደግሜ ደምሬያቸዋለሁ። ችግሩ ሌላ ነው። ከደመርከው ውስጥ ሲሶ የሚሆነው ስለ ምድቦቹ ጥንካሬ ምንም አይናገርም። የቀረውም ቢሆን በነጥብ አሰጣጡ ምክንያት ተዛብቷል። ሁለቱን ካጸዳን በኋላ የሚመጣው መልስ ለአንተም ለባልደረባህም ብዙ የሚያስፎክር አይደለም። ቀድሜ ልንገርህ ብዬ ነው።

ሆኪ ለማይከታተል አንባቢ ባጭሩ እንዲህ ነው። ኤንኤችኤል 32 ቡድኖች አሉት፤ በምሥራቅና በምዕራብ ኮንፈረንስ ይከፈላሉ። በምሥራቁ አትላንቲክና ሜትሮፖሊታን፣ በምዕራቡ ሴንትራልና ፓሲፊክ የሚባሉ ምድቦች አሉ፤ በየምድቡ 8 ቡድን። አንድ ቡድን በመደበኛው ውድድር 82 ጨዋታ ያደርጋል። 26ቱ ከራሱ ምድብ ጋር ነው። 24ቱ በዚያው ኮንፈረንስ ካለው ጎረቤት ምድብ ጋር፣ 32ቱ ደግሞ ከሌላው ኮንፈረንስ 16 ቡድኖች ጋር። ያሸነፈ 2 ነጥብ ያገኛል። በመደበኛው ሰዓት የተሸነፈ ባዶ እጁን ይሄዳል። በተጨማሪ ሰዓት ወይም በመለያ ምት የተሸነፈ ግን 1 ነጥብ ይዞ ይወጣል። አቻ የሚባል ነገር ዛሬ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ጄትስ ዳላስን ሲያሸንፍ ሴንትራል አንድ ድል አገኘ። በዚያችው ቅጽበት ሴንትራል አንድ ሽንፈትም አገኘ። ምድቡ አልጠነከረም፣ አልደከመምም። የምድብ ውስጥ ጨዋታ እንደ እቁብ ነው። ብሩ ከአንዱ እቁብተኛ ወደ ሌላው ይዞራል እንጂ ሰዎቹ ሀብታም ይሁኑ ድሃ ከዕጣው አይታወቅም። ስለዚህ የዓለም ምርጥ 8 ቡድኖች በአንድ ምድብ ታጉረው እርስ በርስ ብቻ ቢጫወቱ፣ በድምሩ ያሸነፉትና የተሸነፉት እኩል ነው። 8 የሰፈር ቡድኖችም ቢሆኑ ያው። ሰንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱን ምድቦች አይለያቸውም።

እንግዲያው እነዚህን ጨዋታዎች እናውጣቸው። 8 ቡድን እያንዳንዱ 26 ጊዜ ከምድቡ ጋር ሲጫወት 104 ጨዋታ ይሆናል። 208 እንዳትለኝ፤ አንድ ጨዋታ ለሁለት ቡድን ይቆጠራል። 104 ጨዋታ ማንም ያሸንፍ ማን 104 ድል ያስገኛል። ከምድቡ ጠቅላላ ድል ላይ 104 ስትቀንስ የሚቀርህ ከውጭ የመጣ ድል ነው። የውጭው ጨዋታ ለእያንዳንዱ ምድብ 448 ነው። ግማሹ 224። ከ224 በላይ ከሆንክ ከሌሎቹ ተሽለሃል፤ በታች ከሆንክ አንሰሃል።

በ2024-25 የአትላንቲክ ቡድኖች በድምሩ 339 ጊዜ አሸነፉ። 104 ሲቀነስ 235 ይቀራል። ከውጭ ጋር 235 አሸንፈው 213 ተሸነፉ ማለት ነው፤ 22 ትርፍ። ሴንትራል 337 ድል ነበረው፤ የውጭው 233 ለ 215፣ 18 ትርፍ። ሜትሮፖሊታን 321፤ የውጭው 217 ለ 231፣ 14 ኪሳራ። ፓሲፊክ 315፤ የውጭው 211 ለ 237፣ 26 ኪሳራ። ትርፉንና ኪሳራውን አንድ ላይ ደምረው፤ ዜሮ ይመጣል። ዜሮ ካልመጣ የሆነ ቦታ ተሳስተሃል ማለት ነው። እኔ ሥራዬን የምፈትሸው በዚህ ነው።

ቅደም ተከተሉ አንተ ካገኘኸው ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ ግን ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

አትላንቲክና ፓሲፊክ በ24 ድል ይለያያሉ። አንድ ድል 2 ነጥብ ስለሆነ ልዩነቱ 48 ነጥብ መሆን ነበረበት። አንተ ያገኘኸው 27 ነው። የቀረው 21 ነጥብ የት ገባ? የተሸናፊ ነጥብ ውስጥ። የፓሲፊክ ቡድኖች በዚያ ዓመት በተጨማሪ ሰዓትና በመለያ ምት 80 ጊዜ ተሸንፈው 80 ነጥብ ሰብስበዋል። ካልጋሪና ቫንኩቨር እያንዳንዳቸው 14፣ ሳን ሆሴ 12። የአትላንቲክ ቡድኖች እንዲህ የተሸነፉት 59 ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ በነጥብ ስታየው ፓሲፊክ ከሜትሮፖሊታን ጋር እኩል ሊሆን 3 ነጥብ ብቻ ይጎድለዋል። በድል ስታየው ግን 6 ድል ይርቃል።

ይህ የተሸናፊ ነጥብ ከ1999-2000 ጀምሮ ያለ ነው። እኔ በግሌ አልወደውም። አንዱ ጨዋታ 2 ነጥብ፣ ሌላው 3 ነጥብ የሚያወጣበት ሊግ ሰንጠረዡ ሁልጊዜ ትንሽ ይዋሻል። የ2011-12ቱን ፍሎሪዳ ተመልከት። 38 አሸነፈ፣ 44 ተሸነፈ፤ ከ44ቱ ግን 18ቱ በተጨማሪ ሰዓትና በመለያ ምት ነበሩ። በ94 ነጥብ ያኔ ሳውዝኢስት ይባል የነበረውን ምድብ አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ምድቡን ያሸነፈ ቡድን በኮንፈረንሱ ከ1 እስከ 3 ባለው ደረጃ ይቀመጥ ስለነበር ፍሎሪዳ 3ኛ ተባለ። 102 ነጥብ ያለው ኒው ጀርሲ 6ኛ ሆነ። ሁለቱ በፕሌይኦፍ፣ ማለትም ከመደበኛው ውድድር በኋላ በሚመጣው ጥሎ ማለፍ (አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ያልፋል)፣ በመጀመሪያው ዙር ተገናኙና ሰባተኛውን ጨዋታ ኒው ጀርሲ በሁለተኛው ተጨማሪ ሰዓት አሸነፈ። ያም ጨዋታ የተካሄደው በፍሎሪዳ ሜዳ ነው፤ የሜዳ ዕድሉን የሰጠው ደካማው ምድብ ነበርና።

ስለዚህ ምድብ ስታወዳድር ነጥብን ተወው፤ ድልና ሽንፈትን ያዝ። የጎል ልዩነት ደግሞ ከዚያም የቀለለ ነው። ሰንጠረዡ ላይ የ8ቱን ቡድኖች የጎል ልዩነት ብቻ ደምር። ምንም መቀነስ አያስፈልግህም፤ የምድብ ውስጥ ጎል አንዱ ጋ ሲደመር ሌላው ጋ ስለሚቀነስ ራሱ ይጠፋፋል። የሚቀርህ የውጭው ብቻ ነው። አንድ ጉድለት ግን አለው። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች እየተሸነፈ ያለው ቡድን አጥቂ ለመጨመር በረኛውን ያወጣል፤ ባዶ መረብ ላይ የሚገባው ጎል ልዩነቱን ከእውነተኛው በላይ ይለጥጠዋል።

አሁን ከባዱ ጥያቄ። አትላንቲክ 22 ትርፍ አለው። ብዙ ነው ወይስ ትንሽ?

አራቱ ምድቦች ፍጹም እኩል ናቸው እንበል። የእያንዳንዱ ጨዋታ ውጤት እንደተወረወረ ሳንቲም ነው እንበል። ያኔም ቢሆን ትርፉ ዜሮ አይሆንም፤ ሳንቲሙ ወዲያም ወዲህም ያዘነብላል። ምን ያህል? ለዚህ የጨዋታዎቹን ብዛት ስኩዌር ሩት መውሰድ ይበቃል። የ448 ስኩዌር ሩት 21 ገደማ ነው። እኩል በሆኑ ምድቦች መካከል በዕድል ብቻ የ21 ትርፍ ወይም ኪሳራ ተራ ነገር ነው። እጥፉን፣ ማለትም 42ን ካለፈ ነው «ይኼ ነገር ዕድል ብቻ አይመስለኝም» የምንለው። አትላንቲክ 22፣ ሴንትራል 18፣ ሜትሮፖሊታን 14፣ ፓሲፊክ 26። አንዳቸውም 42 አጠገብ የሉም። ከአትላንቲክና ከሴንትራል መካከል ማን ይበልጣል የሚለው ደግሞ ጭራሽ አያስጠይቅም። የ2 ድል ልዩነት ነው። በአንድ የመለያ ምት ምሽት የሚቀየር ነገር።

ፓሲፊክ ደካማው ሳይሆን አይቀርም? አዎ፣ እኔ ብጠየቅ እንደዚያ እገምታለሁ። ማልልኝ ብትለኝ ግን አልምልም።

እውነተኛ የምድብ ልዩነት ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለግህ ወደ 1967 እንሂድ። ሊጉ በዚያ ዓመት ከ6 ቡድን ወደ 12 አደገ። ስድስቱን አዲስ ቡድኖች በየምድቡ አላደላደሏቸውም። ሁሉንም ዌስት የተባለ አንድ ምድብ ውስጥ ከተቷቸው፤ ነባሮቹ ስድስት ኢስት ሆኑ። አዲሶቹ የተገነቡት በአብዛኛው ነባሮቹ «ይሂድ» ብለው ከለቀቋቸው ተጫዋቾች ነው። በ1967-68 ሁለቱ ምድቦች 144 ጊዜ ተጋጠሙ። ዌስት 40 አሸነፈ፣ 86 ተሸነፈ፣ 18 አቻ ወጣ፤ ያኔ አቻ ነበር። ኪሳራው 46 ነው። የ144 ስኩዌር ሩት 12 ነው። ኪሳራው የ12 አራት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። እዚህ ላይ ዕድል የሚባል ወሬ የለም።

ሕጉ ደግሞ ከየምድቡ አንድ ቡድን ለፍጻሜ ይደርሳል ይል ነበር። ሴንት ሉዊስ ከዌስት ሦስት ዓመት ተከታትሎ ለሊጉ ዋንጫ፣ ለስታንሊ ካፕ ፍጻሜ ደረሰ። በ1968 እና በ1969 ሞንትሪያል፣ በ1970 ቦስተን ጠበቁት። 12 ጨዋታ ተጫወተ፤ 12ቱንም ተሸነፈ።

የ1970ው መጨረሻ ግን ከዚህም ይብሳል፤ ይህን ታሪክ መናገር ደስ ይለኛል። ሞንትሪያል ሁለት ዓመት ተከታትሎ ዋንጫ የበላ ቡድን ነበር። ኢስት ውስጥ ለ4ኛው ቦታ ከኒው ዮርክ ሬንጀርስ ጋር ተፋጠጠ። ቀኑ መጋቢት መጨረሻ ነው፤ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 5። ሬንጀርስ ቀን ላይ ዲትሮይትን 9 ለ 5 አሸነፈ። ማታ ሞንትሪያል ቺካጎ ላይ ይጫወታል። ካሸነፈ ወይም አቻ ከወጣ ያልፋል። ቢሸነፍም 5 ጎል ካገባ ያልፋል፤ ነጥቡም የድል ብዛቱም እኩል ከሆነ የሚለየው ያገባው ጎል ነበርና። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ማሸነፉ እንደማይሆን ሲገባቸው በረኛቸውን አውጥተው ጎል ፍለጋ ወጡ። ቺካጎ ባዶው መረብ ላይ 5 ጎል አገባባቸው። 10 ለ 2 አለቀ። ሁለቱ ቡድኖች በ92 ነጥብና በ38 ድል እኩል ሆኑ፤ በጎል ሬንጀርስ 246፣ ሞንትሪያል 244። ሞንትሪያል ቀረ።

በዚያው ዓመት ከዌስት በ4ኝነት ያለፈው ኦክላንድ ስንት ነጥብ ነበረው? 58። 92 ነጥብ ያለው ቤቱ ቀርቶ 58 ያለው ፕሌይኦፍ ተጫወተ። ሊጉም ነገሩ ገባው መሰለኝ፣ በቀጣዩ ዓመት ቺካጎን ከኢስት አንሥቶ ዌስት ውስጥ አስገባው። ቺካጎ ወዲያው ምድቡን አሸንፎ ለፍጻሜ ደረሰ፤ በሰባተኛው ጨዋታ በሞንትሪያል ተሸነፈ።

1987-88ም ተመሳሳይ ነው። ኖሪስ የሚባል የ5 ቡድኖች ምድብ ነበር። አምስቱ በድምሩ 145 አሸንፈው 204 ተሸነፉ፤ ከውጭ ጋር ካደረጉት 240 ጨዋታ 59 ኪሳራ። ከየምድቡ አራት ቡድን ያልፍ ስለነበር ቶሮንቶ 21 ጨዋታ ብቻ አሸንፎ፣ በ52 ነጥብ ፕሌይኦፍ ገባ። ፓትሪክ በሚባለው ምድብ ደግሞ ፒትስበርግ 81 ነጥብ ይዞ ከስድስት ቡድን የመጨረሻ ሆነና ቀረ። የሞት ምድብ የሚባለውን በዓለም ዋንጫ ዕጣ ታውቀው የለ? ያ የሞት ምድብ ዓመቱን ሙሉ ነበር።

2020-21 ደግሞ በተቃራኒው ምንም ሊለካ የማይችል ዓመት ነው። በኮቪድ ምክንያት የካናዳና የአሜሪካ ድንበር ስለተዘጋ ሰባቱ የካናዳ ቡድኖች ኖርዝ የሚባል የራሳቸው ምድብ ተሰጣቸው። እያንዳንዱ ቡድን 56 ጨዋታ አደረገ፤ 56ቱም ከምድቡ ጋር ብቻ። አንድም የውጭ ጨዋታ የለም። ከላይ ባሳየሁህ መንገድ ብትቀንስ የሚቀርህ ዜሮ ነው። ግን ሰዉ ዝም አላለም። የኤድመንተኑ ኮነር ማክዴቪድ በ56 ጨዋታ 105 ነጥብ ሲያስመዘግብ (የተጫዋች ነጥብ ማለት ያገባውና ለጎል ያቀበለው ድምር ነው) «ኖርዝ ውስጥ ስለሆነ ነው» ተባለ። ሞንትሪያል በ59 ነጥብ 4ኛ ሆኖ ሲያልፍ፣ ሴንትራል ውስጥ ዳላስ፣ ኢስት ውስጥ ሬንጀርስ 60 ነጥብ ይዘው ቀሩ። ይኸው ማስረጃ ተባለ። ከዚያ ሞንትሪያል ቶሮንቶንና ዊኒፔግን አውጥቶ፣ ዓመቱን በ82 ነጥብ የጨረሰውን ቬጋስን 4 ለ 2 አሸንፎ ፍጻሜ ገባ። አሁን ደግሞ «ኖርዝ ጠንካራ ነበር» ተባለ። በፍጻሜው ታምፓ ቤይ 4 ለ 1 አሸነፈው።

ሁለቱም ወሬ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የተለመደው ፕሮግራም ሲመለስ ሞንትሪያል በ55 ነጥብ ከ32 ቡድን መጨረሻ ሆነ። በረኛው ኬሪ ፕራይስ የተሰለፈው 5 ጨዋታ ብቻ ነበር፤ አምበሉ ሼይ ዌበር ጭራሽ አልተጫወተም። ኖርዝ ውስጥ 5ኛ ሆኖ የቀረው ካልጋሪ ደግሞ በ111 ነጥብ ፓሲፊክን አሸነፈ፤ ቶሮንቶ 115 አገኘ። ማክዴቪድም ከሁለት ዓመት በኋላ በ82 ጨዋታ 153 ነጥብ አስመዘገበ። በጨዋታ ሲካፈል ከኖርዙ ዓመት ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ለእሱ ኖርዝ ሰበብ አልነበረም።

ወደ አንተ ክርክር ልመለስ። ብዙ ጊዜ ሰው «ጠንካራ ምድብ» ሲል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል። አንዱ የምድቡ አማካይ ነው፤ እስካሁን ያየነው። ሌላው «ከዚያ ምድብ ማለፍ ምን ያህል ይከብዳል» የሚለው ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የ2024-25ን ምሥራቅና ምዕራብ እናወዳድር። ሁለቱ ኮንፈረንሶች 512 ጊዜ ተጋጠሙ፤ ምሥራቅ 260፣ ምዕራብ 252 አሸነፈ። እኩል ናቸው ማለት ነው። ሆኖም በምሥራቅ ሞንትሪያል በ91 ነጥብ አለፈ፤ በምዕራብ ካልጋሪ 96 ነጥብ ይዞ ቀረ። ከሴንት ሉዊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በመደበኛ ሰዓት ድል ተበልጦ ነው የቀረው።

እኩል በሆኑ ኮንፈረንሶች ይህ እንዴት ይሆናል? መልሱ ሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ነው። ሳን ሆሴ 52 ነጥብ፣ ቺካጎ 61፣ ናሽቪል 68። ሦስቱም ምዕራብ ናቸው። በምሥራቅ ዝቅተኛው 76 ነው። ምዕራብ ውስጥ ሦስት ቡድኖች ነጥባቸውን ለሌሎቹ አከፋፈሉ፤ የተቀበሉት ሁሉ ከፍ አሉና ማለፊያው መስመርም አብሮ ከፍ አለ። የምድብህ አማካይ ተራ ሆኖ ሕይወትህ ግን ከባድ ሊሆን ይችላል። ሴንትራልን ሰው የሚፈራው ለዚህ ይመስለኛል። ዊኒፔግ 116፣ ዳላስ 106፣ ኮሎራዶ 102፣ ሚኒሶታ 97፣ ሴንት ሉዊስ 96። አምስት ቡድን እላይ ተጨናንቆ፣ ሁለቱ ደግሞ እታች ወድቀዋል። 96 ነጥብ ሴንትራል ውስጥ 5ኛ ያደርግሃል፤ ሜትሮፖሊታን ውስጥ ቢሆን 3ኛ ነበርክ።

ባልደረባህ ምናልባት «ኤድመንተን ደካማ ምድብ ውስጥ ስላለ ቀለለው» ብትለው ይናደዳል። እውነቱን ነው። የአንድ የፓሲፊክ ቡድን ፕሮግራም 26 ጨዋታ ከፓሲፊክ፣ 24 ከሴንትራል ነው። የሴንትራሉ ቡድን ደግሞ 26 ከሴንትራል፣ 24 ከፓሲፊክ። የሁለት ጨዋታ ልዩነት ነው። በአንድ ኮንፈረንስ ውስጥ ያሉ ሁለት ምድቦች ዓመቱን ሙሉ የሚገጥሙት ያንኑ ሰው ነው። የምድብ ጥንካሬ በነጥብ ላይ ያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

የምድብ ጥንካሬ የሚያመው ፕሌይኦፍ ላይ ነው። ከየምድቡ ሦስት ያልፋሉ፤ 2ኛው ከ3ኛው ጋር በመጀመሪያው ዙር ይጋጠማል። ከዚያ ውጭ በየኮንፈረንሱ ሁለት ቡድን በነጥብ ብልጫ ይጨመራል። በ2025 ዳላስ በ106፣ ኮሎራዶ በ102 ነጥብ ገና በመጀመሪያው ዙር ተገናኙ። ሰባተኛው ጨዋታ ላይ ዳላስ 2 ለ 0 እየተመራ ሚኮ ራንታነን ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሐትሪክ ሠርቶ ገለበጠው፤ ያውም በቀድሞ ቡድኑ ላይ። በዚያው ጊዜ በሜትሮፖሊታን 2ኛና 3ኛ የነበሩት ካሮላይና በ99፣ ኒው ጀርሲ በ91 ነጥብ ተጋጠሙ። ይህ ግን የሴንትራል ብቻ ዕዳ አይደለም። በ2017 ሜትሮፖሊታን ውስጥ 111 ነጥብ ያለው ፒትስበርግ 108 ካለው ኮሎምበስ ጋር መጀመሪያ ዙር ላይ ተገናኝቷል። አትላንቲክን ያሸነፈው ሞንትሪያል ደግሞ 103 ነው የነበረው።

«ዳላስን 4 ለ 1 አሸነፍን» የሚለው ክርክርስ? አምስት ጨዋታ ነው። የ448 ጨዋታ ውጤት እንኳ አራቱን ምድቦች በግልጽ መለየት ካቃተው አምስት ጨዋታ ምን ሊነግረን ነው? ኤድመንተን ከዳላስ ተሻለ፤ በቃ። ስለ ሳን ሆሴና ስለ ሲያትል ምንም አይልም። በዚያ ላይ በፕሌይኦፍ የሚጫወተው ቡድን ዓመቱን የጀመረው ቡድን አይደለም። አትላንቲክ ውስጥ 3ኛ ሆኖ ዋንጫውን የወሰደው ፍሎሪዳ ብራድ ማርሻንድን ያመጣው በማርች ነው፤ ከቦስተን፣ ከዚያው ከራሱ ምድብ። ራንታነን ራሱ በጃንዋሪ ከኮሎራዶ ወደ ካሮላይና፣ በማርች ከካሮላይና ወደ ዳላስ ሄዷል። የኦክቶበር ድሎች የሌላ ቡድን ድሎች ናቸው።

ስለዚህ ነገ ሥራ ቦታ ምን ትበል? ሴንትራልና አትላንቲክ እኩል ናቸው በል። ፓሲፊክ ትንሽ የሚያንስ ይመስላል በል፤ «ይመስላል» የምትለዋን አትርሳ። ወደ ፍጻሜ የሚወስደው መንገድ በሴንትራል በኩል የጠበበ ነበር በል፤ እዚህ ላይ በደንብ መከራከር ትችላለህ። ጄትስ የወጣው ግን ምድቡ ስለጠነከረ ነው ካልከው አያምንህም፤ እኔም አላምንህም። ዳላስ ከእናንተ በፊት ኮሎራዶን በሰባት ጨዋታ ታግሎ ነው የመጣው። እናንተ የገጠማችሁት 96 ነጥብ ያለውን ሴንት ሉዊስን ነበር፤ እሱንም ያለፋችሁት በሰባተኛው ጨዋታ ሁለተኛ ተጨማሪ ሰዓት ላይ ነው።

ይህን ስሌት በየዓመቱ ራስህ መሥራት ትችላለህ። ከጃንዋሪ በፊት አትሞክረው፤ የውጭው ጨዋታ በየምድቡ እኩል ስላልተከፋፈለ ቁጥሩ ያሳስትሃል። በዓመቱ መካከል ከሠራኸው ደግሞ ቋሚ ቁጥር አትቀንስ፤ እስከዚያ ቀን የተደረገውን የምድብ ውስጥ ጨዋታ ቆጥረህ ያን ቀንስ። ከ2026-27 ጀምሮ መደበኛው ውድድር ወደ 84 ጨዋታ ከፍ ይላል። የተጨመሩት ሁለቱ ከራስ ምድብ ጋር ስለሆኑ የውጭው 448 እንዳለ ይቆያል። በዓመቱ መጨረሻ የምትቀንሰው ግን 104 ሳይሆን 112 ነው።